«ማን ያቅርበው?» እና «የማን ነው?»፦ ፓርቲዎቻችን በቴክኖሎጂና በአእምሯዊ ንብረት ላይ

የ1997 ዓ.ም. ምርጫ አርባ ቀን ያህል ሲቀረው የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍ ስምምነት ፈረሙ። ኩባንያው ጤፉን ሊጠቀም፣ ከጥቅሙም ለአገሪቱ ሊያካፍል ነበር። የዚያን ሰሞን ሙግት ግን በመሬት ይዞታና በፌዴራሊዝም ነበር የጋለው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ በሌላ እጅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንድስ ፓተንቱን ውድቅ ያደረገው እንኳ ኢትዮጵያ ከስሳ አልነበረም። «መብቴን ነካህ» ተብሎ የተከሰሰ የዚያው አገር የዳቦ ግብዓት አቅራቢ ራሱን ሲከላከል ነው።

ይህ ታሪክ የፖለቲካችንን ጠባይ ያሳያል። ፓርቲዎች ስለ ቴክኖሎጂ ሲነሡ ጥያቄያቸው «ማን ያቅርበው?» ነው። «የማን ነው?» የሚለው ለመሥሪያ ቤት ይተዋል። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የቅጅ መብት ሕግ ይላላ ብሎ የተነሣ «የባሕር ወንበዴዎች ፓርቲ» ከሦስት ዓመት በኋላ የአውሮፓ ፓርላማ ገብቷል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ ይመስላል።

«ማን ያቅርበው?» በሚለው ላይ ግን ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ኢሕአዴግ በልማታዊ መንግሥት እምነቱ ቴሌን ለመንግሥት ብቻ ያዘ፤ ሊበራል ነን የሚሉት ተቃዋሚዎች ለግሉ ዘርፍ ያደሉ ነበር። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ራሱ ኢሕአዴግ የቴሌን ድርሻ በከፊል ለመሸጥ ወሰነ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ያሸነፈው የቴሌኮም ፈቃድም ይፋ የሆነው ከሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የገዢው ፓርቲ አቋም ገበያ ሆነ። ኔትወርኩን ማን ያጠፋዋል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ገና በቅጡ አልተነሣም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል ብዙ ቦታዎች የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል። ከዲጂታል ተስፋዎች ሁሉ በፊት መራጭ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ይመስለኛል።

በምዕራብ ጎጃም ለሚገኘው የማንኩሳ ገበሬ የባለቤትነት ጥያቄ የሚመጣው በበቆሎ ነው። የአካባቢው ወረዳዎች ጃቢ ጠህናንና ቡሬ የበቆሎ አገር ናቸው፤ የሚዘራውም ቢኤች 660ን ወይም ሊሙን የመሰለ ዲቃላ ዝርያ ነው። የዲቃላ ፍሬ ተመልሶ ቢዘራ ምርቱ ስለሚወርድ በየዓመቱ አዲስ ዘር ይገዛል። የአዳቃዮችን መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1068/2010 አነስተኛ ገበሬ ዘሩን ማስቀመጥና መለዋወጥ እንደሚችል ያረጋግጣል፤ ዲቃላው ግን ይህን መብት ያለ ፓተንትም ዋጋ ያሳጣዋል። ዕጩዎች ለገበሬው የሚገቡት ቃል ዘርና ማዳበሪያ በወቅቱ ይደርሳል የሚል ነው። እናት ዝርያው በማን እጅ ይሁን፣ የመንግሥት ምርምር ወይስ የውጭ ኩባንያ ያራባው የሚለውን የሚያነሣ ግን አይገጥመኝም።

የቅጅ መብት እምብዛም የሚያጣላ አይደለም። ማንኩሳን ላገሩ ሁሉ ያስተዋወቀው «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በኅዳር 1996። በዚያው ዓመት ክረምት የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲ ጥቅም ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ እንዲቆይ አድርጓል፤ በዚህ ስሌት መጽሐፉ እስከ 2046 ዓ.ም. ባለመብት አለው።

ሕገ መንግሥቱ የፓተንትንና የቅጅ መብትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ስለሰጠ፣ ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደር ዕጩ በዚህ ላይ ቃል ቢገባ ከአቅሙ በላይ ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደረው ግን ማምለጫ የለውም። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. ባመለከተችበት የዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ እጅግ ዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ አባል አገሮች የአእምሯዊ ንብረት ግዴታቸው እስከ እ.ኤ.አ. 2034 ተላልፎላቸዋል፤ አዲስ ገቢዎች ግን በድርድር ይህን ዕፎይታ ሊያጡ ይችላሉ። ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው ያው ምክር ቤት ነው፤ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የሚላከው ተወካይም እጁን የሚያወጣው እዚያ ነው።