መስመሯ የት ቀረች?

ሺንሺቾ ከተማ ላይ መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው አይደነግጥም፤ ሻማ ይለኮሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። የሚደነግጠው በማግስቱ ሎግ ፋይሉን የሚከፍተው ነው።

አንድ የእህል ነጋዴ ሽያጩን በፐርል በተጻፈች ትንሽ ፕሮግራም ይመዘግባል እንበል። ስንዴ በተሸጠ ቁጥር አንድ መስመር ሎጉ ላይ ይሰፍራል። ፋይሉ የተከፈተው በ«>>» ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው ሥር ይቀጥላል ማለት ነው። አንዷ ቀስት ብትረሳና «>» ብቻ ብትቀር፣ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር የቀድሞው መዝገብ ይደመሰሳል። እዚህ ግን ሁለቱም ቀስቶች አሉ። መብራቱ ማታ ሄደ፤ ጠዋት ሲታይ የከሰዓት በኋላው ሽያጭ የለም።

ፐርል ወደ ፋይል የሚጽፈውን በየመስመሩ አይልክም። በፈር በሚባል የማስታወሻ ቦታ ያጠራቅምና ሲሞላ ወይም ፋይሉ ሲዘጋ ያራግፈዋል። ስንፍና አይደለም፤ ዲስክ ዘንድ በየደቂቃው መመላለስ ውድ ነው። ከፐርል 5.14 ወዲህ በፈሩ 8192 ባይት ይይዛል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 30 ፊደል ያላት መስመር 90 ባይት ገደማ ናት፤ ዘጠና ያህል መስመር ዲስክ ሳይነካ ሊያድር ይችላል ማለት ነው። ለትንሽ ሱቅ ይህ የገበያ ቀን ሽያጭ ነው። በፈሩ ሲሞላ የመስመር መጨረሻ አይጠብቅም፤ ስለዚህ የፋይሉ ጫፍ «ስንዴ 2 ኩን» ብሎ ከተቆረጠ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ታወቀ።

መድኃኒቱን ብዙዎች ያውቁታል፦ የተጻፈውን ወዲያው የሚያራግፈው «$| = 1»። ችግሩ ይህ ትእዛዝ የሚሠራው በዚያች ሰዓት ለተመረጠው መውጫ ብቻ መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ አናት ላይ ከተጻፈ ስክሪኑን ያፋጥናል፣ ሎጉ እንደነበረው ይቀራል። የሎግ ፋይሉን መጀመሪያ በሴሌክት መምረጥ ወይም በራሱ ላይ አውቶፍላሽ መጥራት ያስፈልጋል።

ያም ቢሆን መስመሯን ከፐርል እጅ ያወጣታል እንጂ ዲስክ አያደርሳትም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም የራሱ ማጠራቀሚያ አለው፤ ሊነክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ሊያቆያት ይችላል። ፕሮግራሙ ብቻ ከወደቀ መስመሯ ትተርፋለች፤ መብራት ከሄደ ግን አብራ ትሄዳለች። ለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ዲስክ ላይ እንዲጽፍ የሚያስገድደው ሲንክ አለ፣ ግን ያዘገያል። እኔ ብሆን ገንዘብ ለያዘች መስመር ሲንክ፣ ለሌላው አውቶፍላሽ እጠቀማለሁ።

ሰዓቱን ስታነቡም ተጠንቀቁ። የመጨረሻዋ መስመር 14:12 ትላለች፤ ነጋዴው «እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሸጫለሁ» ይላል። የእሱ አንድ ሰዓት ተኩል በኮምፒውተሩ 19:30 ነው። በመካከሉ ያለው ከአምስት ሰዓት በላይ ሽያጭ በፈሩ ውስጥ ነበር።