ሚኤሶን ያለፈው ባቡር በትንሹ ሲሠራ

የጭሮ ከተማ ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡር አልወጣላትም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ከድሬዳዋ ሲመጣ የጨርጨርን ደጋ በስተግራ ትቶ፣ ቆላ ቆላውን በሚኤሶና በአሰቦት አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በዚያ መስመር ሲያጓራ የኖረውን የእንፋሎት ባቡር በሞዴል መሥራት የሚያምረው ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ልክ ይያዝ፤ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው።

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው የባቡር ሞዴል ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። ለዚህ መጠን ሱቅ በቀላሉ የሚገኘው ሐዲድ 16.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው። በ87 ሲባዛ 1435 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ እሱም በሚኤሶ የሚያልፈው፣ የኤሌክትሪክ ባቡር ልክ ማለት ነው። የድሮውን ሎኮሞቲቭ እዚያ ላይ ያቆመ ሠሪ አንድም ሪቬት (የብረት ማያያዣ ችንካር) ባያስቀር እንኳ ባቡሩን አጥቶታል። የጠባብ ሐዲድ ባቡር መልኩ ገላው ከጎማው አልፎ ወጣ ማለቱ ነዋ! እግሩን ከከፈተ ሌላ ባቡር ነው። ትክክለኛው ስፋት 11.5 ሚሊሜትር ሲሆን ሠሪዎች በ12 ይስማማሉ። ግማሽ ሚሊሜትር ማንም አያያትም።

ማጋነን ግድ የሚሆንበትም ቦታ አለ። ጎማው ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝ በእውነተኛው ባቡር 3 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በ87 ሲካፈል ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል፤ ትንሽ ጠጠር ትበቃዋለች። ስለዚህ ከልኩ በላይ ይሠራል። ሪቬት ግን እንዲህ ያለ ምክንያት የለውም። ጭንቅላቱ 2 ሳንቲሜትር የሆነው ሪቬት ሩብ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ብዙ ሠሪ «ይታይልኝ» ብሎ ሲያገዝፈው ውሃ የሚፈላበት ቦይለር ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ይመስላል። እኔን ብትጠይቁኝ ሪቬቱ ጨርሶ ቢቀር ይሻላል። የጭስ ማውጫው ቁመትና የቦይለሩ ውፍረት ከተመጣጠኑ ዓይን የጎደለውን ራሱ ይሞላል።

እውነተኛ ውሃ አፍልቶ በእንፋሎት የሚሄድ ሞዴል ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። 8 ጊዜ ያነሰውን እንውሰድ፤ ሐዲዱ 12.5 ሳንቲሜትር ይሆናል፣ ከኋላ ሰው አስቀምጦ መጎተትም ይችላል። ችግሩ ውሃው 512 ጊዜ ሲያንስ ሙቀት የሚያመልጥበት የቦይለሩ ገጽ የሚያንሰው 64 ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ቶሎ ይበርዳል። እሳቱ የሚያልፍባቸው ቱቦዎችም በ8 ከተካፈሉ ጥላሸት ይደፍናቸዋል፤ ቁጥራቸውን ቀንሶ ሰፋ ማድረግ ነው። ትርፍ እንፋሎት የሚያስተነፍሰው ቫልቭም ብዙ ጊዜ ከልኩ ይተልቃል፤ ሠሪዎች መልኩ እንዳይበላሽ የድሮውን በሚመስል ክዳን ይሸፍኑታል።