የቃና ዘገሊላ ወይንና የሠርጋችን ጠጅ

ጥር 12 ቀን ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ጌታችን በገሊላ ቃና ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ የለወጠበትን በዓል ታከብራለች። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት ተአምሩ የተፈጸመው የካቲት 23 ቀን ሲሆን፣ የውኃው በዓል ከውኃው በዓል ጋር እንዲሆን በጥምቀት ማግሥት እንዲውል ተደርጓል። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ደጋዎችም የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ የሠርጉ ወራት ይገባል።

እመቤታችን በዚያ ሠርግ ቤት ወይን ማለቁን ለልጇ የነገረችው ደጋሾቹ እንዳያፍሩ አስባ ነው። በዘመናችን የደጋሽ እፍረት ሌላ መልክ ይዟል። ቡሹ በድምፅ ተፈናጥሮ አረፋ የሚወጣው ነጭ ወይን ጠጅ ካልተከፈተ ድግሱ ጎደለ የሚል ሰው በዝቷል። ለዚህም ሲል ብድር የሚገባ አባወራ አለ።

ለመሆኑ ይህ መጠጥ ምንድን ነው? ሻምፓኝ የሚለው ስም የሚገባው በፈረንሳይ ሻምፓኝ በተባለው አገር ለሚጠመቀው ብቻ ነው። ሻርዶኔ ከሚባለው ነጭ ወይን ፍሬ ይሠራል፤ እንዲሁም ፒኖ ኑዋርና ፒኖ ሜኒዬ ከተባሉት ጥቁር ፍሬዎች፣ ልጣጫቸው ቀለሙን ሳይለቅ በፍጥነት ተጨምቀው፣ ይዘጋጃል። አንድ ጊዜ የፈላው ወይን ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ይፈላል። ጢሱ መውጫ ስለሚያጣ ከመጠጡ ጋር ይዋሐዳል። የሻርዶኔ ፍሬ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ አልምቶ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ ካቀረባቸው ወይኖች አንዱ ከእርሱ የተጠመቀው ነው፤ እርሱ ግን አረፋ የለውም።

ይኸው መፍላት በጠጃችን ውስጥም አለ። በግእዝ ሜስ የሚባለው ጠጅ፣ ደብረ ታቦር የራስ ጉግሣና የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የመኳንንት መጠጥ ነበር። በጉና ተራራ ሥር የአደይ አበባ ማር በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። እናቶች አንዱን እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ በጥብጠው፣ በወይራ በታጠነ ጋን ይጥሉታል። ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ተገፍፎ የጌሾ እንጨት ይገባበታል። ቆላ በቀናት የሚደርሰው ጠጅ በደጋው ብርድ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ በታኅሣሥ የተጣለው ለጥር ሠርግ ይደርሳል። ማሩን በስኳር ተክቶ በቀለም ቢጫ የሚያደርገው ነጋዴ ግን እንግዳውን ያታልላል፤ ማር ካነሰ ጥቂት ጠጅና ብዙ ጠላ ማቅረብ ይሻላል።

ከምግብ ጋር ስናስተያየው ደግሞ ጠጁ ይበልጥ ይስማማል። አረፋው የበርበሬን ማቃጠል ያብሰዋል፤ የማር ጣዕም ግን ያበርደዋል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ ለስላሳ ጠጅ፣ ለጥሬ ሥጋና ለጥብስ ደረቁ ተስማሚ ነው። ጠርሙሱን መክፈት የግድ ከሆነ፣ የፎገራና የደራ ሰው ከጣና በሚያገኘው ዓሣ ጥብስ ቢጀምርበት መልካም ነው፤ ነጭ ወይን በርበሬ ካልበዛበት ዓሣ ጋር ይሄዳል። ለሕፃናት ያልፈላ ብርዝ ይቀዳላቸዋል።

ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ መሆኑን ምእመናን ልብ ሊሉት ይገባል። ዲያቆኑ በቤተ ልሔም ዘቢቡን አጥቦ በውኃ ይዘፈዝፋል፤ ጨምቆም ሳይፈላ ወደ መቅደስ ያገባዋል። ከሠርግ የተረፈ የታሸገ ወይን ጠጅ «ለጽዋው ይሁን» ብለው የሚያመጡ ቅን ሰዎች አሉ። ለመባ የሚሆነው ዘቢብ ነው፤ ሲገዙም እንዳይጣበቅ ዘይት የተቀባ አለመሆኑን አይተው ይግዙ።