የቸክ ቤሪ ያልተዘጋ ሒሳብ

ከሴንት ሉዊስ ከተማ ጋር ተያይዛ በምትገኘው ዩኒቨርሲቲ ሲቲ፣ ዴልማር ከሚባለው ጎዳና ዳር አንድ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ጊታሩን ወደ ፊት የደገነ ሰው ነው፤ ቁመቱ 8 ጫማ። በ2011 ሊመረቅ ሲል የአካባቢው ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ለከተማዋ ምክር ቤት አቤት አሉ። ተፈርዶበት ለታሰረ ሰው በሕዝብ መሬት ላይ ሐውልት ሊቆምለት አይገባም ነበር ያሉት። ምክር ቤቱ አልተቀበላቸውም። ባለ ሐውልቱ ያኔ በሕይወት ነበር፤ የ84 ዓመት ሽማግሌ። በምረቃው ላይ ተገኝቶ ምስሉን አየ። ከዚያ ወዲያም እንደ ልማዱ በየወሩ ከሐውልቱ ትይዩ ባለው «ብሉቤሪ ሂል» ምግብ ቤት ምድር ቤት እየወረደ መጫወቱን ቀጠለ።

ሰውየው ቸክ ቤሪ ነው። የሮክ ኤንድ ሮል አባት ማን እንደሆነ በሚነሳ ክርክር ሁሉ ስሙ ከመጀመሪያዎቹ መሐል ይጠራል። ሦስት ጊዜ የታሰረ፣ በአራተኛው ደግሞ ለጥቂት ያመለጠ ሰውም ነው። «ሥራውን ከሰውየው ለይታችሁ እዩ» የሚሉና «ሰውየውን ስትጥሉ ሥራውንም አብራችሁ ጣሉ» የሚሉ ወገኖች ከስልሳ ዓመት በላይ ሲጓተቱበት ኖረዋል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሁለቱም ወገኖች ክርክሩን ለማሸነፍ ሲሉ አንድ ሰው ከታሪኩ ውስጥ ማውጣታቸው ነው። የሚወጣው ሰው ማን እንደሆነ ለማየት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤሪ በ1926 የተወለደው ቪል በሚባል፣ ደህና ኑሮ የነበራቸው ጥቁሮች በሚኖሩበት የሴንት ሉዊስ ሰፈር ነው። አባቱ በግንባታ ሥራ የሚተዳደር የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ እናቱ መምህርት። 17 ዓመቱ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ካንሳስ ሲቲ ሄዶ ሱቅ ዘርፎ ተያዘና 10 ዓመት ተፈረደበት፤ የተለቀቀው ልክ 21 ዓመት በሞላው ዕለት ነው። ከዚያ ሚስት አገባ፣ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ሠራ፣ የፀጉር ሥራም ተማረ። በ1952 የመጨረሻ ሌሊት ጆኒ ጆንሰን የሚባል ፒያኒስት ሳክስፎን ተጫዋቹ ታመመበትና ለዚያች ሌሊት ብቻ ምትክ ፈለገ። ቤሪ ጊታሩን ይዞ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ባንዱ የቤሪ፣ ጆንሰንም የቤሪ አጃቢ ሆኑ። ይህን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1955 ቤሪ ቺካጎ ሄዶ የብሉዝ ዘፋኙን ሙዲ ዋተርስን አገኘ፤ እሱም የሸክላ አሳታሚው ሊዮናርድ ቼስ ዘንድ እንዲሄድ ነገረው። ቤሪ ቼስ ብሉዝ ይወድልኛል ብሎ ነበር። ቼስ ግን የነጭ ገበሬዎች የሚጨፍሩበትን የቆየ ዜማ በጥቁር ምት ያዋቀረበትን ሙዚቃ መረጠ። «ሜይቤሊን» በጥቁሮች የሙዚቃ ሰንጠረዥ 1ኛ፣ በጠቅላላው ሰንጠረዥ ደግሞ 5ኛ ሆነ።

አዲሱ ነገር ምን ነበር? ጊታሩን ብቻ ካየን፣ ሁለት ክር አንድ ላይ እየመታ የሚከፍትበት ዝነኛ መግቢያ የራሱ ፈጠራ አይደለም። የባንድ መሪው የሉዊስ ጆርዳን ጊታሪስት ካርል ሆጋን በ1946 በሸክላ አስቀርጾት ነበር፤ የብሉዝ ጊታሪስቱ ቲ-ቦን ዎከርም ከዚያ በፊት መንገዱን ጠርጓል። የቤሪ ድርሻ ያንን ድምፅ ከግጥም ጋር ማጋባቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ትምህርት ቤት ደወል፣ ስለ መኪና፣ ቅዳሜ ማታ ስለሚጠበቅ ጭፈራ ጻፈ። ቃላቱን አንድ በአንድ እያጠራ ስለሚያወጣ በሬዲዮ የሰሙት ነጮች ነጭ መሰላቸው።

በ1958 ያወጣው «ጆኒ ቢ. ጉድ» ደግሞ በሰምና ወርቅ ላደገ ጆሮ ተጨማሪ ነገር ይዟል። ቤሪ ራሱ እንደተናገረው፣ መጀመሪያ የጻፈው ስለ ጥቁር ልጅ ነበር፤ ሬዲዮ እንዳይዘጋበት ቃሉን ቀይሮ የገጠር ልጅ አደረገው። ሰሙ ገጠሬ፣ ወርቁ ጥቁር። «ጉድ» የሚለው ስምም እሱ ከተወለደበት ጎዳና የመጣ ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በ1977 ቮዬጀር መንኮራኩሮችን ሲያመጥቅ በወርቅ በተለበጠው ሸክላ ላይ ከባኽና ከቤቶቨን ጋር የጫነው ይህንኑ ዘፈን ነው።

ሆኖም ዘውዱ የተደፋው በኤልቪስ ራስ ላይ ነበር። እኛም ዘንድ እንኳ ዓለማየሁ እሸቴ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ሲነሣ የተሰጠው ቅጽል «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ነው፤ የቤሪ ስም እንደዚያ በሰው አፍ አልገባም።

ሒሳቡ መበላሸት የጀመረው ከመጀመሪያው ሸክላ ነው። «ሜይቤሊን» ታትሞ ሲወጣ ከቤሪ ጎን ሁለት ተጨማሪ የደራሲ ስሞች ተቀምጠው ነበር፤ የዘመኑ ገናና የሬዲዮ አቅራቢ አላን ፍሪድና ከቼስ ጋር የንግድ ጉዳይ የነበረው ራስ ፍራቶ። አንድም ቃል አልጻፉም። ፍሪድ ዘፈኑን ደጋግሞ በአየር እንዲያውለው የተሰጠው ጉቦ ነበር፤ በሥራው ያልተሳተፈ ሰው በየሸክላው ሽያጭ ድርሻ ይቆረጥለት ጀመር። ዘፈኑ በቤሪ ስም ብቻ እንዲመዘገብ የሆነው በ1986፣ ከ31 ዓመት በኋላ ነው። ይህን ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ ማንንም አለማመኑ አይፈረድበትም። ስለ ገንዘብ ብቻ ማለቴ ነው።

በ1959 መጨረሻ ቤሪ ለዝግጅት ወደ ቴክሳስ ወርዶ ሳለ በድንበር ማዶ በምትገኘው ኋሬዝ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የአፓቼ ነገድ የሆነች አንዲት ልጅ አገኘ። 14 ዓመቷ ነበር። ከባንዱ ጋር ግዛት ከግዛት አዙሯት ሴንት ሉዊስ አምጥቶ በራሱ የምሽት ክበብ የእንግዳ ኮፍያ እንድትቀበል ቀጠራት። ጥቂት ቆይቶ አባረራት። ልጅቷ በሴተኛ አዳሪነት ተጠርጥራ ፖሊስ እጅ ስትገባ ነገሩ ሁሉ ወጣ።

የተከሰሰበት ሕግ በ1910 የወጣው «የማን አዋጅ» (Mann Act) ነው። ሴትን «ለብልግና» ከግዛት ወደ ግዛት ማጓጓዝን ይከለክል ነበር፤ «ብልግና» ምን እንደሆነ ግን ለዐቃቤ ሕግና ለዳኛ የተተወ ነበር። ጥቁሩ የቦክስ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን በ1913 የተፈረደበት በዚሁ ሕግ ሲሆን፣ ጥፋቱ የነጭ ሴት ወዳጅ መሆኑ ነበር፤ ይቅርታ የተደረገለት በ2018 ነው። ስለዚህ የቤሪ ደጋፊዎች «ሕጉ ጥቁርን ማጥቂያ ነው» ሲሉ ከመሬት ተነስተው አይደለም። የመጀመሪያውን ችሎት የመራው ዳኛም ስለ ቆዳ ቀለም ደጋግሞ ያነሣ ስለነበር፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የ5 ዓመቱን ፍርድ ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። በሁለተኛው ችሎትም ጥፋተኛ ተባለ፤ 3 ዓመት። ከ1962 መጀመሪያ እስከ 1963 መገባደጃ ታሰረ።

ሙዚቃ ወዳዱ ታሪኩን የሚያወራው እዚህ ድረስ ነው፦ ዘረኛ ሕግ፣ ዘረኛ ዳኛ፣ በሥራው ጫፍ ላይ የተቀጨ ጥቁር አርቲስት። ሁሉም እውነት ነው። ግን ልጅቷ የታለች? ቤሪ አልነካኋትም፣ ዕድሜዋም ከዚያ በላይ መስሎኝ ነበር ብሎ ተከራከረ፤ እሷ ደግሞ ተቃራኒውን መሰከረች፤ ሁለት ጁሪዎች እሷን አመኑ። ሕጉን ከመጽሐፍ ብንሰርዘው እንኳ 14 ዓመት 14 ዓመት ነው። የዳኛው ዘረኝነት የቤሪን መብት ገፍፏል፤ የሷን ቃል ግን ሐሰት አያደርገውም። በሌላው ወገን ደግሞ «ልጅ ያባለገ ወንጀለኛ» ብለው ነገሩን በአንድ መስመር የሚዘጉት፣ አንድ ጥቁር ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ በቀለሙ ሲዘለፍ የነበረበትን የመጀመሪያውን ችሎት ይዘልሉታል። ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ መናገር የሚችል ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ክርክሩ ይህን ያህል ዘመን የዘለቀውም በዚህ ይመስለኛል።

እስር ቤት ሳለ ዘፈን መጻፉን አልተወም። «ፕሮሚስድ ላንድ» ላይ ተጓዡ የሚያልፍባቸውን ከተሞች ለመደርደር የአሜሪካ ካርታ አስመጥቶ እንደነበር በግለ ታሪኩ ጽፏል። እሱ በውስጥ፣ ዜማው በውጭ ነበር። ቢች ቦይስ «ስዊት ሊትል ሲክስቲን» የሚለውን ዜማውን ወስደው «ሰርፊን ዩ.ኤስ.ኤ.» አሉት፤ ሮሊንግ ስቶንስ የመጀመሪያ ሸክላቸውን በእሱ ዘፈን ጀመሩ፤ ቢትልስም በየመድረኩ ተጫወቱት። ሲፈታ ዝናው ከባሕር ማዶ ተጭኖ እየተመለሰለት ነበር።

የተፈታው ሰው ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ብዙ የሚያውቁት የሚሉት ይህን ነው። ብቻውን፣ ጊታሩን አንጠልጥሎ ይመጣል። ቀብድ አይቀበልም፤ ሙሉውን፣ ጥሬውን፣ ከመድረክ በፊት። አጃቢ ባንድ ማቅረብ የአዘጋጁ ዕዳ ነው፤ ልምምድ የለም፤ በምን ቅኝት እንደሚጀምርም አይነግራቸውም። ወጣቱ ብሩስ ስፕሪንግስቲን አንድ ምሽት ከነባንዱ አጅቦት፣ ምን እንጫወታለን ብለው ቢጠይቁ የቸክ ቤሪን ዘፈኖች ከሚል በቀር መልስ እንዳላገኙ ኋላ እየሳቀ ተርኳል። ያ ጥሬ ገንዘብ ሁሉ ለግብር ሰብሳቢው አልተነገረም ነበርና በ1979 4 ወር ተፈርዶበት ዳግም ታሰረ፤ ያውም በፕሬዚዳንት ካርተር ግብዣ ዋይት ሐውስ በተጫወተበት ዓመት።

አሁን ወደ ጆንሰን እንመለስ። ቤሪ የደራሲነት ድርሻውን በፍሪድና በፍራቶ የተነጠቀ ሰው ነው ብለናል። በ1986 «ሄይል! ሄይል! ሮክ ኤን ሮል» የተባለው ፊልም ሲቀረጽ የስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ አንድ ነገር አስተዋለ። የቤሪ ዘፈኖች የተሠሩባቸው ቅኝቶች ጊታር የሚመርጣቸው አይደሉም፤ ለፒያኖና ለሳክስፎን የሚመቹ ናቸው። ታዲያ ዜማው ከማን ጣት ወጣ? ጆንሰን ያን ጊዜ በሴንት ሉዊስ አውቶቡስ እየነዳ ይኖር ነበር። በ2000 ከ50 በላይ በሆኑ ዘፈኖች ላይ የደራሲነት ድርሻ ይገባኛል ብሎ የድሮ ጓደኛውን ከሰሰ። ዳኛው በ2002 መዝገቡን የዘጋው፣ የዘፈኖቹን ደራሲ መርምሮ ሳይሆን ጊዜው አልፏል ብሎ ነው። ጆንሰን በ2005 ሞተ። ግጥሞቹ የቤሪ መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም፤ ዜማውን ግን እኔ ያንን ፒያኖ በሰማሁ ቁጥር የአንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ያቅተኛል።

ደጋፊ በጥድፊያ የሚያልፈው ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። ቤሪ ዌንትዝቪል በምትባል ከተማ ምግብ ቤት ነበረው። በ1990 የምግብ ቤቱ የሴቶች መጸዳጃ ውስጥ ድብቅ ካሜራ ተገጥሞ ሲቀርጸን ነበር ያሉ በርካታ ሴቶች ከሰሱት። እሱ ካሜራው ሌባ ሠራተኛ ለመያዝ ነው አለ። ሌባ መጸዳጃ ቤት ምን ይሰርቃል? ፖሊስ ቤቱን ሲፈትሽ የቪዲዮ ካሴቶችና ማሪዋና አገኘ። ሕፃናትን የሚመለከተው የወንጀል ክስ ተነሥቶ በማሪዋናው ብቻ 6 ወር በገደብ ተፈረደበት፤ ከሴቶቹ ጋር ያለውንም ጉዳይ በገንዘብ ተስማምቶ ዘጋው። እዚህ ላይ የ1910 ሕግ የለም፣ ስለ ቀለም የሚሳደብ ዳኛም የለም። ሊበሉ የገቡና ሊሠሩ የመጡ የሰፈሩ ሴቶች ናቸው ያሉት። በአፓቼዋ ልጅ ጉዳይ ላይ ለሰዓታት የሚከራከሩ ሰዎች በዚህኛው ላይ ዝም ሲሉ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሽልማቱ ግን አልተቋረጠም። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ በ1986 አባላት መቀበል ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች አንዱ እሱ ነበር፤ በ2000 የኬኔዲ ማዕከል ክብር፣ በ2014 የስዊድኑ ፖላር ሽልማት ተከተሉ። «ብሉቤሪ ሂል» ውስጥ ከ1996 እስከ 2014 ድረስ 209 ጊዜ ተጫውቷል።

ማርች 18 ቀን 2017 በ90 ዓመቱ ሞተ። ሕዝቡ የተሰናበተው ሐውልቱ ካለበት ጎዳና ላይ፣ «ፔጀንት» በተባለው የሙዚቃ አዳራሽ ነው። ሣጥኑ ክፍት ነበር፤ በክዳኑ ውስጥ ቀይዋ ጊብሰን ጊታሩ ተሰክታ ትታያለች። ሮሊንግ ስቶንስ በጊታር ቅርጽ የተሠራ የአበባ ጉንጉን ላኩ። ጋዜጦች እስሩን በአንድ ሁለት አንቀጽ አልፈው የቀረውን ለጊታሩ ሰጡት፤ ሙት ወቃሽ መሆን በየትም አገር አይወደድም። ከዚያ ሰባት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ በመላ አሜሪካ ሴቶች «ሚ ቱ» እያሉ ዝነኞችን በስም መጥራት ጀመሩ። ያቺ የአፓቼ ልጅ ያን ጊዜ በሕይወት ከነበረች ዕድሜዋ 72 ገደማ ነው።