የባለሸራ ጀልባ ብሎኖች በምን ይታሸጉ?

ጀልባ ውሃ የሚያስገባው ከታች፣ በሆዱ በኩል ብቻ ይመስለን ይሆናል። ይሁን እንጂ በነፋስ ኃይል በባሕር ላይ የሚጓዙ ባለሸራ ጀልባዎች ባለቤቶች ዘወትር የሚታገሉት ከላይ፣ ከወለሉ ከሚሰርገው ውሃ ጋር ነው። በወለሉ ላይ የገመድ ማሰሪያዎች፣ የመደገፊያ ዘንጎች፣ የሸራ ገመድ መጠምጠሚያዎችና መስኮቶች በብሎን ይታሰራሉ፤ እያንዳንዱ ብሎን ደግሞ አንድ ቀዳዳ ነው።

ጉዳቱ ከሚታየው ጠብታ ይበልጣል። የብዙ ፋይበርግላስ ጀልባዎች ወለል በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ የተባለውን እጅግ ቀላል እንጨት በማስገባት የተሠራ ነው። ንጣፎቹ በመራራቃቸው ወለሉ ክብደት ሳይጨምር ጥንካሬ ያገኛል። በብሎኑ ዳር የገባ ውሃ ግን እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ ንጣፎቹም ይላቀቃሉ። ከዚህም የከፋ አለ። ምሰሶውን ደግፈው የሚይዙት ሽቦዎች የሚታሰሩበት የማይዝግ ብረት ከዝገት የሚጠበቀው ኦክስጅን ባለበት ራሱን በሚያድስ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የታቆረ ጨዋማ ውሃ ኦክስጅኑ ሲያልቅበት ሽፋኑ ይፈርሳል፤ ብረቱም ከዓይን ተሰውሮ ይበላል። ነፋሱ በበረታ ዕለት ብረቱ ቢበጠስ ምሰሶው ከነሸራው ሊወድቅ ይችላል።

ታዲያ ከሁሉ የጠነከረውን ማጣበቂያ መምረጥ አይሻልምን? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ፖሊዩሬቴን በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት ከአየር እርጥበት ጋር ተዋሕዶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ፣ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ በማስተሳሰር ይጠነክራል። ከዚህ ወገን የሆኑት ኃይለኛ ማሸጊያዎች እጅግ ስለሚጣበቁ ከዓመታት በኋላ ዕቃውን ለመንቀል የሚሞክር ሰው የወለሉንም ገጽ አብሮ ሊገነጥለው ይችላል። ለዘለቄታው ለሚገጠም አካል ተስማሚ ናቸው። የገመድ ማሰሪያ ግን አንድ ቀን መፈታቱ አይቀርም።

ሲሊኮንን አንባቢ ከአሉሚኒየም መስኮቶች ያውቀዋል። ሲደርቅ እንደ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት በእርግጥም አሴቲክ አሲድ እየለቀቀ ነው። የሲሊኮንና የኦክስጅን አቶሞች የተፈራረቁበት ሰንሰለቱ ፀሐይን በሚገባ ይቋቋማል። ነገር ግን ሲነሣ የማይታይ ቅባት ትቶ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ቀለምም ሆነ አዲስ ሲሊኮን በቀላሉ አይዝም። ስለዚህ ለወለል ብሎኖች ባይመረጥ ይሻላል እላለሁ።

ፖሊሰልፋይድ የመጣው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጆሴፍ ፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ ለመኪና ራዲያተር የሚሆን ፀረ በረዶ ፈሳሽ ሲፈልግ የሚገማ፣ ጎማ መሰል ነገር አገኘ፤ ቲዮኮልም ተባለ። (ይኸው ጎማ በኋላ ለሮኬት ጠጣር ነዳጅ ማያያዣ ሆኖ አገልግሏል።) ፖሊሰልፋይድ ከብረትና ከእንጨት ጋር ይስማማል፣ ሊነቀልም ይችላል። እንደ ፕሌክሲግላስ ያሉ ፕላስቲኮችን ግን ስለሚያሰነጣጥቅ ለመስኮት አይሆንም።

ለወለል ብሎኖች የእኔ ምርጫ ቡታይል ነው። የመኪና ካላማዳሪያ የሚሠራበት የጎማ ወገን ሲሆን፣ ሞለኪውሎቹ ተጠጋግተው ስለሚደረደሩ አየር እንኳ በመካከላቸው የሚያልፈው በዝግታ ነው። ለማሸጊያነት በጥቅል ሪባን መልክ የሚሸጠው ግን አይደርቅም፤ ለዓመታት እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ ብረቱ ሲነቃነቅ አብሮት ይለጠጣል። ነዳጅ ግን ስለሚያሟሟው በነዳጅ መሙያ ክዳን ዙሪያ አይደረግም።

የመለጠጥ ጉዳይ በስሌት ሲታይ ይበልጥ ይገባናል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው የፕሌክሲግላስ መስኮት የሙቀት መጠኑ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 2.8 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው ፋይበርግላስ ግን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ። ልዩነቱ ለሁለቱ ጫፎች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 0.9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የማሸጊያው ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በፓይታጎረስ ቀመር መሠረት ርዝመቱ ወደ 1.03 ያድጋል፤ ይኸውም ከእጥፍ በላይ መለጠጥ ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን 3.13 ብቻ ይሆናል፤ ጭማሪው 4 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ማሸጊያውን እስኪሳሳ ድረስ ጨምቆ ማውጣት ትልቅ ስሕተት ነው። በነገራችን ላይ ያለ ብሎን ለሚለጠፍ የፕሌክሲግላስ መስኮት ከላይ የነቀፍነው ሲሊኮን፣ ለዚሁ የተዘጋጀው ጠንካራ ዓይነት እስከሆነ ድረስ፣ ጥሩ ምርጫ ነው።

አሠራሩም ከምርጫው አያንስም። ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይበሳና በኤፖክሲ ይሞላል፤ ሲደርቅ በመካከሉ እንደገና ይበሳል። ያን ጊዜ ማሸጊያው ቢሸነፍ እንኳ ውሃው ባልሳውን አያገኘውም። የቀዳዳው አፍ በትንሹ እንደ ማንቆርቆሪያ ተከፍቶ ቡታይሉ በብሎኑ አንገት ዙሪያ ቀለበት እንዲሠራ ይደረጋል። ሲጠበቅም ብሎኑ ከላይ ሳይነቃነቅ ተይዞ፣ ከታች ሰፊ ሮንዴላ ገብቶ፣ የሚዞረው ዳዶው ብቻ ነው። ቡታይል በዝግታ ስለሚፈስም ትርፉ ዳር ዳሩን እስኪወጣ በጥቂት ቀናት ልዩነት ደጋግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል።