የሶፍትዌር ጓዳ፦ የመረጃ ቋትን በገዛ ኮምፒዩተር ስለማስኬድ

እንግዳ ቤት ሲገባ የሚያየው ሳሎኑን ነው። ምግቡ የሚሰናዳው ግን ጓዳ ነው። ሶፍትዌርም ጓዳ አለው። በስክሪን የምናየው ገጽ ሳሎኑ ሲሆን፣ መረጃ የሚያስቀምጠው የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ የምንለው)፣ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን በቅርብ ይዞ የሚያቀብለው ሬዲስ፣ ኢሜይል የሚልከውም አገልግሎት ጓዳው ናቸው። ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ይህን ጓዳ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ለምን እንደሚያደራጅ በራሳችን ላይ ከደረሰው ተነስተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውጤት የሚመዘግብ አነስተኛ ፕሮግራም ሠራን። በየላፕቶፓችን የነበረው ማይኤስኪውኤል 8 ነው። ለሙከራ ያስገባናቸው ስሞች በሙሉ በቁቤ የተጻፉ ነበሩ። ሁሉም ሠራ፤ ደስ አለን። የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ግን አሮጌ ዕትም ኖሯል። የአማርኛውን ክፍል ስም ዝርዝር አስገብተን ብንከፍተው የልጆቹ ስም ሁሉ «????» ሆኖ ቁጭ አለ። ሒሳብ 87 አለ፣ አማርኛ 64 አለ፤ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ደግነቱ የክፍሉ ኃላፊ መምህርት የወረቀቱን መዝገብ አልጣሉትም። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው።

ምክንያቱን በኋላ ደረስንበት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ማይኤስኪውኤል ግን 8ኛው ዕትም በ2018 እ.ኤ.አ. እስኪወጣ ድረስ፣ በሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ላቲን-1 በተባለ የምዕራብ አውሮፓ የፊደል ገበታ ነበር የሚያስቀምጠው። እዚያ ገበታ ላይ «ሀ» የለችም። ስለዚህ አሮጌው ዕትም በቦታዋ የጥያቄ ምልክት ይተካል፤ አንዴ ከተተካ ደግሞ መመለሻ የለውም። የቁቤ ፊደላት በሁለቱም ገበታ ስላሉ እኛ ምንም አላየንም። (ቁቤም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ሁዻ የሚባለው ጭረት በዳታቤዝ ቋንቋ ጽሑፍ መዝጊያ ነው፤ ጥንቃቄ የጎደለው ፕሮግራም እንዲህ ያለ ስም ሲገባበት ይሰናከላል።)

ታዲያ ምን ይደረግ? በትምህርት ቤቱ ያለውን ዕትም ራሱን በላፕቶፕ ላይ ማስኬድና በሁለቱም ፊደል መሞከር ነው። ለዚህ የሚረዳው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዶከር ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ እንደምናያቸው ኮንቴይነሮች እያንዳንዱን አገልግሎት ለብቻው አሽጎ ይይዛል፤ አሮጌውና አዲሱ ዕትም ጎን ለጎን ይሠራሉ። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ በር መግባት አይችሉም። የማይኤስኪውኤል የተለመደ የበር ቁጥር 3306 ስለሆነ ለሁለተኛው 3307 እንሰጠዋለን። ሜይልፒት የሚባለውን ደግሞ ብናስነሳ የሙከራ ኢሜይላችንን እዚያው ያስቀረዋል፤ «ልጅዎ ወድቋል» የሚል የውሸት መልእክት ወላጅ ዘንድ አይደርስም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ ውስጡ ያለው መረጃ አብሮ ይጠፋል። መረጃው የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ቮልዩም የሚሉትን፣ ከኮንቴይነሩ ውጭ ማድረግ ያስፈልጋል። ከመካከላችን አንዱ ይህን ሳያውቅ የሳምንት ሥራውን በአንድ ትእዛዝ አጥፍቷል፤ ስሙን አንጠራም፣ ራሱ ያውቃል።

መብራትስ? ቆቃ ግድብ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ አጠገባችን ኃይል ቢያመነጭም አዳማ መብራት መጥፋቱ አልቀረም። በዚህ በኩል ብዙ አያሳስብም፤ ፖስትግሬስም ሆነ የዛሬው ማይኤስኪውኤል ለውጡን አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚጽፍ፣ ተፈጽሟል ያለውን ሲነሳ ከዚያ መልሶ ያገኘዋል። ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራው አይቆምም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜ ሁሉ ነገሩን ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ያደረገ ሰው እጁን አጣምሮ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

የሚከብደው ማውረዱ ነው፤ አንዱ አገልግሎት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ካወረደው ዶከር በፋይል መልክ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው በፍላሽ ወስዶ ይጭነዋል። መቂና ባቱ ለልምምድ የምትወጡ ጓደኞቻችን፣ ማይኤስኪውኤል 5.5ንና 8ን ይዘናል፤ ፍላሻችሁን ባዶ አድርጋችሁ ኑ።