ኮአርተምን የሚለምደው ማን ነው?

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ዝናብ ያቆራቸው ጉድጓዶችና የሐይቁ ዳርቻ ረግረግ ለወባ ትንኝ ይመቻሉ፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትም በየሰፈሩ ይበረክታል። በዚህ ወቅት ስለ ወባና ስለ መድኃኒቷ ስለ ኮአርተም ደጋግመው የሚሰሙ ሦስት አባባሎች አሉ። አንዱ «ኮአርተም ለእኔ አይሠራም፤ ሰውነቴ ለምዶታል» ይላል። ሌላው «ወባዋ ራሷ መድኃኒቱን ለመደችው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የወባ አገር ሰው ደሙ ለምዷታል፣ አትጥለውም» ባይ ነው። ሦስቱም የሚበቅሉት ከአንድ ሥር ነው፦ አንድ ፍጡር በዕድሜው የገጠመውን ነገር ይለማመዳል፣ የተለማመደውንም ለልጆቹ ያወርሳል ከሚል እምነት። ይህ እምነት ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱም ለባዮሎጂ ፈተና ብቻ የሚያስፈልግ ጉዳይ አይደለም። መድኃኒት እንዴት እንደምንውጥ፣ የምርመራ ውጤት እንዴት እንደምናምን፣ የተረፈ ኪኒን ለማን እንደምንሰጥ የሚወስነው ይኸው እምነት ነው።

ነገሩን ከቁጥር እንጀምረው። ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት በጠና በታመመ አንድ ሰው ደም ውስጥ የሚርመሰመሱት ተሕዋስያን በመቶ ቢሊዮኖች ይቆጠራሉ። እነዚህ በየ48 ሰዓቱ ይራባሉ፤ በተራቡ ቁጥር 23 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት የዘር መልእክታቸው ይገለበጣል። ሲገለበጥ ደግሞ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል። ስሕተቱ እጅግ ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ መቶ ቢሊዮን ሲሆን ብርቁም ነገር መገኘቱ አይቀርም። ስለዚህ ታማሚው የመጀመሪያዋን ኪኒን ከመዋጡ በፊት፣ መድኃኒቱ የሚባል ነገር ጨርሶ ደርሶባቸው የማያውቁ፣ ግን በአጋጣሚ ከሌሎቹ ትንሽ የተለዩ ተሕዋስያን በደሙ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። መድኃኒቱ ሲገባ ማንንም አያስተምርም። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ይገድላል፣ በውርስ ባገኘው ልዩነት ምክንያት የተረፈውን ሜዳውን ብቻውን እንዲይዝ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ትንኟ የምትወስደው የተረፉትን ዘር ነው።

ገበሬ ይህን ሂደት ከእርሻው ያውቀዋል። የስንዴ ማሳ ሲታረም ስንዴ የማይመስለው አረም በቀላሉ ይለያልና ተነቅሎ ይጣላል፤ በቡቃያነቱ ስንዴ የሚመስለው እንክርዳድ ግን ከአራሚው ዓይን ያመልጣል፣ ያፈራል፣ ፍሬውም ከስንዴው ጋር ተወቅቶ ለዘር ይቀመጣል። በሺህ ዓመታት እርሻ ውስጥ እንክርዳድ ስንዴን ይበልጥ እየመሰለ የመጣው አንዱ ቡቃያ ጎረቤቱን አይቶ ስለተማረ አይደለም፤ የማይመስለውን እያጠፋ የሚመስለውን ያቆየለት የአራሚው እጅ ነው። ክሎሮኪን የተባለው መድኃኒትም በወባ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ «መልመድም ቢሆን መመረጥም ቢሆን መጨረሻው መድኃኒቱ አለመሥራቱ ነው፤ ታዲያ ምን ልዩነት አለው?» የሚል ይኖራል። ልዩነቱን በማስረጃ ማየት ይቻላል። ተሕዋስያኑ መድኃኒት የሚለምዱት ደጋግመው ስለሚገጥማቸው ቢሆን ኖሮ፣ ክሎሮኪን ለአሥርት ዓመታት በተዋጠበት በእያንዳንዱ የአፍሪካ መንደር መላመዱ ለየብቻው፣ በራሱ ጊዜ በተነሣ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ክሎሮኪንን የሚቋቋም ፋልሲፓረም በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ አሜሪካ ታየ፤ ምሥራቅ አፍሪካ የደረሰው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ሳይንቲስቶች በኋላ የአፍሪካውን ተሕዋስ የዘር መልእክት ሲመረምሩ፣ የመቋቋሚያው ጂን ዙሪያ ከእስያው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኙት። የአፍሪካው በአፍሪካ አልተፈለሰፈም ማለት ነው፤ በሰውና በትንኝ ተሳፍሮ ከእስያ መጥቶ፣ ክሎሮኪን በየቤቱ በሚዋጥበት አህጉር ሌላውን ገፍቶ ተስፋፋ። ኢትዮጵያም ለፋልሲፓረም ክሎሮኪንን ትታ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ እሱም ሲከዳ በ2004 ወደ ኮአርተም ተሻገረች።

ሌላው ምስክር ማላዊ ናት። ማላዊ ክሎሮኪንን እ.ኤ.አ. በ1993 አቆመች። ከዓመታት በኋላ ሲታይ ክሎሮኪንን የሚቋቋመው ዘር ከአገሪቱ ጠፍቶ ነበር፤ በ2006 ይፋ የሆነ ጥናትም መድኃኒቱ 99 በመቶ ያህሉን ታማሚ እንደሚያድን አሳየ። «አዩ፣ ሲያርፍ ረሳው» የሚል ቢኖር የሚያስደንቅ አይደለም። ግን የተመለሱት ተሕዋስያን የመቋቋሚያውን ለውጥ የጣሉ የቀድሞዎቹ ልጆች አልነበሩም። የዘር መልእክታቸው ብዙ ዓይነትና የተቀላቀለ ነበር፤ መድኃኒቱ ሲያጭዳቸው በጥቂቱ ተርፈው የቆዩት፣ ክሎሮኪን የሚገድላቸው ዘሮች ናቸው። መድኃኒቱ በሌለበት ሜዳ የመቋቋሚያው ለውጥ ጥቅሙ ቀርቶ ሸክሙ ስለሚቀር፣ እነዚህ በልጠው ተመለሱ። ስለ «መርሳት» የሚናገር ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር እዚህ አለ፤ መላው መንጋ ተለወጠ እንጂ በመንጋው ውስጥ ያለ አንድም ተሕዋስ ጠባዩን አልለወጠም።

ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚገልጠው ግን ከመድኃኒት ጋር ጭራሽ የማይገናኝ ታሪክ ነው። በጤና ኬላ ጣት ተወግቶ አንዲት ጠብታ ደም በነጭ ፕላስቲክ ላይ ትደረጋለች፤ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ መስመር ይወጣል ወይም አይወጣም። በብዛት የተሠራበት ይህ ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገው ፋልሲፓረም ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ተሕዋስያን ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ከዘር መልእክታቸው ወድቋል። እንዲህ ያሉት እ.ኤ.አ. በ2010 በፔሩ አማዞን ይፋ ሆኑ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኤርትራ ሆስፒታሎች ከሕሙማኑ ከግማሽ የሚበልጠው እጅ በእነዚሁ የተያዘ ሆኖ ተገኘ። በኢትዮጵያ ደግሞ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በጂኑ መጥፋት ምክንያት መመርመሪያው ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉን እንደሚስት ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር መመርመሪያውን እንዲቀይር የሚመክረው ስሕተቱ 5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

ይህን ቁጥር ከ«መልመድ» ጋር ማስታረቅ አይቻልም። መመርመሪያው ፕላስቲክ ነው፤ ወደ ሰው ሰውነት አይገባም፣ ተሕዋሱን አይነካውም፣ አይጎዳውም። ተሕዋሱ ሊለምደው የሚችል ምንም ነገር የለም። የሚሠራው ምርጫ ብቻ ነው፦ ፕሮቲኑ ያለው ይታያል፣ ታማሚው ይታከማል፣ ተሕዋሱ ይሞታል። ፕሮቲኑ የሌለው አይታይም፣ ታማሚው «ወባ የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ በሌሊትም ትንኝ ትነክሰዋለች። ይህ ውሳኔ በሺህ ጤና ኬላዎች ለዓመታት ሲደጋገም ጂን አልባው ዘር ይበዛል። የተመራማሪዎቹም የዘር ትንተና ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የኤችአርፒ2 መጥፋት በቅርብ ጊዜ በብርቱ ምርጫ ተገፍቶ የተስፋፋ ለውጥ መሆኑን። ስለ ውርስና ምርጫ ለተማሪ የሚያስረዳ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከሩቅ አገር ማምጣት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

«ዝግመተ ለውጥ የሚሊዮን ዓመታት ጉዳይ ነው፤ ይህ ሌላ ነገር ነው» የሚለው ተቃውሞም እዚሁ ይወድቃል። ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠር ፍጡር የሰውን መቶ ትውልድ በአንድ ዓመት ያልፋል። በኤርትራ፣ በኮአርተም ውስጥ ያለውን የአርቴሚሲኒንን ሥራ የሚያዘገይ አንድ የፊደል ለውጥ፣ 622አይ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረመሩት ተሕዋስያን 8.6 በመቶ ላይ ነበር፤ በ2019 21 በመቶ ደረሰ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ይህን ለውጥ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከተሰበሰቡት ናሙናዎች 9.8 በመቶው ላይ አግኝቶታል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የኤችአርፒ2ን ጂን ጭምር ያጡ ነበሩ። በመመርመሪያ የማይታይ፣ መድኃኒቱም ቶሎ የማይገድለው ተሕዋስ ማለት ነው። ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

የሐዋሳ አንባቢ «ይህ የሰሜኑና የጋምቤላ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገናኘን?» ሊል ይችላል። የክሎሮኪኑ ጂን ከእስያ ምሥራቅ አፍሪካ ለመድረስ ሃያ ዓመት በቅቶታል፤ ከጋምቤላ ወይም ከጎንደር ሐዋሳ ለመድረስ ደግሞ የአውቶቡስ ጉዞ ይበቃዋል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌና ኬንያ የሚወርደው መንገድ የሚያልፍባት፣ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ምክንያት ከየወረዳው ወጣት የሚጎርፍባት ከተማ ናት። በደሙ ተሕዋስ ይዞ ትኩሳት የማይሰማው ተጓዥ ብዙ ነው። የአንድ አካባቢ ተሕዋስ ስብጥር በዚያው አካባቢ በሚደረግ ምርጫ ብቻ አይወሰንም፤ ከሌላ አካባቢ በሚገባ ጂንም ይለወጣል።

ወደ ሦስተኛው አባባል፣ ወደ ሰው ደም እንምጣ። ይህኛው ግማሽ እውነት አለው፣ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። በወባ አገር አድጎ ደጋግሞ የታመመ ሰው በሽታው ቀለል ሊልለት ይችላል፤ ይህ በዕድሜ የሚገኝ መከላከያ ነው። አይወረስም። ልጁ የሚያገኘው ከእናቱ ደም የሚሻገርለትን የጥቂት ወራት ጥበቃ ብቻ ነው፤ በወባ ክፉኛ የሚጎዱትም የወባ አገር ሕፃናት የሆኑት ለዚህ ነው። አዋቂውም ለዓመታት ደጋ ከርሞ ሲመለስ ያ መከላከያ ሳስቶ ሊያገኘው ይችላል። በሌላ በኩል በእርግጥ የሚወረስ መከላከያ አለ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ የደም ሴል ሲገባ የሚጠቀምበት ዳፊ የሚባል በር አለ፤ በአንዲት ፊደል ለውጥ ምክንያት ይህ በር በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች አሉ። በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው፤ ቫይቫክስም እዚያ ብርቅ ነው። በኢትዮጵያ ግን ዳፊ ያለውም የሌለውም ተደባልቆ ይኖራል፤ ስለዚህ ቫይቫክስ ከወባ ሕሙማኖቻችን ትልቅ ድርሻ አለው። ዳፊ የሌለው ሰው ቫይቫክስ ፈጽሞ አይዘውም የሚለው የሐኪሞች የቆየ እምነት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ከማዳጋስካር በወጣ ጥናት ተናግቷል፤ ከኢትዮጵያም ተመሳሳይ ሪፖርቶች ታትመዋል። ተሕዋሱም ቢሆን የራሱ ልዩነት ያለው፣ በእኛ ደም ውስጥ የሚመረጥ ዘር ነውና።

በመጨረሻ ለሐቅ ሲባል መነሣት ያለበት ተቃውሞ አለ፦ ወባ ተመልሶ ሲመጣ ሁሉ መድኃኒት የሚቋቋም ዘር ነው ማለት አይደለም። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሣል፤ ለዚህ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደው ፕሪማኪን ነው እንጂ ኮአርተምን መደጋገም አይፈታውም። አዲስ ትንኝ አዲስ ወባ ልታመጣም ትችላለች። ከሁሉ የሚዘወተረው ግን ሌላ ነው። የአዋቂ ሰው ኮአርተም በሦስት ቀን በስድስት ጊዜ የሚዋጥ 24 ኪኒን ሲሆን ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ሲለቅ ስምንቱ ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ አንዳንዴም ለታመመ ጎረቤት ይሰጣል። ኮአርተም ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ የሆነው በምክንያት ነው፤ አርቴሚሲኒኑ በፍጥነት አብዛኛውን ያጭዳል፣ በደም ውስጥ ቀናት የሚቆየው ሉመፋንትሪን የተረፈውን ይለቅማል። አንድ ተሕዋስ ሁለቱንም የሚያመልጥ ለውጥ በአንዴ ይዞ የመገኘቱ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ያቺን ጠባብ በር የሚያሰፋት በመሳቢያው የቀረው ስምንት ኪኒን ነው፤ ሉመፋንትሪኑ በደም ውስጥ ሲያንስ አርቴሚሲኒኑን ያለፈው ተሕዋስ የሚጠብቀው ሁለተኛ ጠላት የለውም። እንዲህ ያለውን ዘር የሚቀበለው ደግሞ ኪኒኑን ያቋረጠው ሰው ሳይሆን በዚያው ሰፈር በሚቀጥለው ወር የሚታመመው ሕፃን ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱ ሳይለቅ ፈጣኑ መመርመሪያ «የለም» ያለው ሰውም፣ ያንን መልስ የመጨረሻ አድርጎ ወደ ቤቱ ከመሄድ ይልቅ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ማይክሮስኮፕ የሚያየው ተሕዋሱን ራሱን ነው፤ ጂኑ ኖረም አልኖረም።